ስፖክ ለምን ሞተ? የተመልካቾች ክርክርና የተዋንያን ደመወዝ

አንድ ፊልም ወይም ተከታታይ ድራማ ታይቶ ሲያበቃ በቤታችሁ ክርክር ተነሥቶ ያውቃል? «ይህን ሰው ለምን ገደሉት?»፣ «ያቺ ተዋናይት የት ጠፋች?»፣ «ደራሲው ታሪኩን አበላሸው!» የሚሉ ድምፆች በተለይ ወጣቶች ባሉበት ቤት የተለመዱ ናቸው። ብዙ ወላጆችም ይህን ሲሰሙ «ለማይጨበጥ ነገር ይህ ሁሉ ጩኸት ምንድን ነው?» ብለው ያልፉታል። ይሁን እንጂ ከእነዚህ ክርክሮች ጀርባ ብዙውን ጊዜ የማይታይ ሌላ ጉዳይ አለ። እርሱም ገንዘብ ነው። አንድ ገጸ ባሕርይ በታሪኩ ውስጥ የሚኖረው፣ የሚሞተው ወይም ዝም የሚለው አንዳንዴ ታሪኩ ስለ ጠየቀ ሳይሆን፣ ተዋናዩና ስቱዲዮው በደመወዝ ስለ ተስማሙ ወይም ስላልተስማሙ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ጉዳዩን በአንድ ታዋቂ የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ሥራ፣ ማለትም በአሜሪካው «ስታር ትሬክ» ታሪክ በኩል እንመለከታለን። በመጨረሻም «ስታር ዋርስ»ን እና የቅርብ ጊዜውን የተዋንያን አድማ እናነሣለን። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

አጀማመሩ

«ስታር ትሬክ» በኤንቢሲ ቴሌቪዥን መታየት የጀመረው መስከረም 8 ቀን 1966 ነበር። ፈጣሪው ጂን ሮደንቤሪ ይባላል። ታሪኩ «ኢንተርፕራይዝ» በምትባል የጠፈር መርከብ ከኮከብ ወደ ኮከብ ስለሚጓዙ ሰዎች ነው። ካፒቴን ከርክን ዊልያም ሻትነር፣ ከሌላ ዓለም ከመጣ አባትና ከሰው ልጅ እናት የተወለደውን ስፖክን ሌናርድ ኒሞይ፣ ሐኪሙን ማኮይን ደፎረስት ኬሊ ይጫወታሉ። ከእነርሱ ቀጥሎ የመገናኛ መኮንኗን ኡሁራን ኒሼል ኒኮልስ፣ ሱሉን ጆርጅ ታኬ፣ የሞተር ኃላፊውን ስኮቲን ጄምስ ዱሃን፣ ከሁለተኛው ምዕራፍ ጀምሮ ደግሞ ቼኮቭን ዋልተር ኬኒግ ተጫውተዋል።

ሰባቱም በአንድ መርከብ ላይ ያሉ ባልንጀሮች ሆነው ቢታዩም በክፍያ ግን እኩል አልነበሩም። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ዋና ተዋንያን ሲሆኑ የቀሩት አራቱ ረዳት ተዋንያን ነበሩ። የረዳት ተዋናይ ገቢ ስንት ክፍል ላይ በመታየቱ ላይ የተመሠረተ ነው። በመሆኑም ደራሲው ለአንዱ ንግግር ጨምሮ ከሌላው ሲቀንስ፣ የቀነሰው የታሪክ ቦታ ብቻ ሳይሆን የሰውየውን የወደፊት እንጀራም ጭምር ነው። ምክንያቱም ብዙ ያልታየ ተዋናይ በሚቀጥለው ውል ላይ የሚደራደርበት ጉልበት አይኖረውም።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የታኬ ሁኔታ ነው። በ1967 ሁለተኛው ምዕራፍ ሲሠራ ታኬ በ1968 የወጣውን «ዘ ግሪን ቤሬትስ» የተባለውን የጦርነት ፊልም ለመሥራት ሄዶ ነበር። የፊልሙ ሥራ ሲጓተት ብዙ ክፍሎች አመለጡት። ለሱሉ ታስበው ከነበሩት ንግግሮች አንዳንዶቹም ለአዲሱ ገጸ ባሕርይ ለቼኮቭ ተሰጡ። ተመልካቹ ያየው አዲስ ወጣት መኮንን መምጣቱን ብቻ ነበር።

የስፖክ ዋጋ ስንት ነው?

በመጀመሪያው ምዕራፍ ሻትነር ለአንድ ክፍል 5,000 ዶላር ሲከፈለው ኒሞይ ደግሞ 1,250 ዶላር ይከፈለው እንደ ነበር የተከታታዩ አዘጋጆች ኋላ በጻፉት መጽሐፍ ገልጸዋል። ይህ ልዩነት ሲጀመር የሚያስገርም አልነበረም። ሻትነር መሪ ተዋናይ ነው፤ ስፖክ ደግሞ ባለ ሹል ጆሮ እንግዳ ፍጡር በመሆኑ ሕዝቡ ይቀበለው አይቀበለው አይታወቅም ነበር። የኤንቢሲ ኃላፊዎችም በመልኩ ምክንያት ሥጋት እንደ ነበራቸው ይታወቃል።

የሆነው ግን የተገላቢጦሽ ነው። የተመልካቾች ደብዳቤ በገፍ የመጣው ለስፖክ ነበር። ኒሞይ በዚህ ሚና በተከታታይ ለሦስት ዓመት ለኤሚ ሽልማት ሲታጭ፣ ሻትነር በከርክ ሚናው አንድም ጊዜ አልታጨም። ስለዚህ ሁለተኛው ምዕራፍ ከመጀመሩ በፊት የኒሞይ ወኪል ከፍ ያለ ጭማሪ ጠየቀ። ስቱዲዮው አልተቀበለውም። ነገሩ ከርሮ የስፖክን ሚና ሊወስዱ የሚችሉ የሌሎች ተዋንያን ስም ዝርዝር እስከ መዘጋጀት ደረሰ። በመጨረሻ ግን በአንድ ክፍል 2,500 ዶላር፣ እንዲሁም በሌሎች ጥቅማ ጥቅሞች ተስማሙ።

ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር እንረዳለን። በፊልም ሥራ ደመወዝ የሚወሰነው በድካም ልክ ብቻ አይደለም፤ «ይህ ሰው ቢቀር በሌላ ሊተካ ይችላልን?» በሚለው ጥያቄም ነው። ለኒሞይ ጉልበት የሰጠው ደግሞ ተመልካቹ ነው። ደብዳቤ የጻፈ አድናቂ ሁሉ ሳያውቀው በደመወዝ ድርድሩ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ነበር ማለት ይቻላል።

ኋላም ሻትነርና ኒሞይ በውላቸው ውስጥ «አንዱ የሚያገኘውን ሌላውም ያገኛል» የሚል አንቀጽ ነበራቸው። ኒሞይ በ1984 የወጣውን ሦስተኛውን ፊልምና በ1986 የወጣውን አራተኛውን ፊልም በዳይሬክተርነት ሲመራ፣ ሻትነርም በዚያው አንቀጽ መሠረት በ1989 የወጣውን አምስተኛውን ፊልም ለመምራት በቃ። አድናቂዎች አምስተኛው ፊልም ደካማ ነው በማለት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። «ማን ይምራው?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ከውሉ ውስጥ የወጣ መሆኑን የሚያውቁት ግን ጥቂቶች ናቸው።

ፓስተሩ ለኡሁራ የነገሯት

ገንዘብ ብቻውን ሁሉን ነገር አይወስንም። ኒሼል ኒኮልስ ከመጀመሪያው ምዕራፍ በኋላ ሥራውን ለመልቀቅ ወስና ነበር። የምትናገረው ቃል ጥቂት ነው፤ እርሷ ደግሞ ዘፋኝና የመድረክ ተዋናይት በመሆኗ በኒው ዮርክ ቲያትር የመሥራት ተስፋ ነበራት። መልቀቂያዋንም ለሮደንቤሪ ሰጥታው ነበር።

በዚያው ሰሞን በአንድ የእርዳታ ማሰባሰቢያ ዝግጅት ላይ አንድ አድናቂ ሊያገኛት እንደሚፈልግ ተነገራት። አድናቂው የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን አገልጋይና የጥቁሮች መብት ታጋይ የነበሩት ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ነበሩ። ኒኮልስ በኋለኞቹ ዓመታት ደጋግማ እንደ ተናገረችው፣ ልትለቅ መሆኑን ስትነግራቸው ኪንግ ፈጽሞ እንዳትለቅ አሳሰቧት። አንዲት ጥቁር ሴት በቴሌቪዥን የቤት ሠራተኛ ሆና ሳይሆን የተማረችና የተከበረች መኮንን ሆና መታየቷ ለብዙዎች ትርጉም እንዳለው አስረዷት። እርሷም ቀረች።

ይህ ታሪክ ለርዕሳችን ጠቃሚ ነው። በስቱዲዮው ሒሳብ ኡሁራ ጥቂት ቃል ያላት ረዳት ገጸ ባሕርይ ነበረች። በተመልካቹ ሒሳብ ግን ሌላ ነበረች። ከ1977 ጀምሮ የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ናሳ ሴቶችንና ጥቁሮችን ለጠፈርተኝነት ለመመልመል ሲነሣ ኒኮልስን ጠርቶ አሠርቷታል። የአንድ ገጸ ባሕርይ ክብደት በንግግሩ ብዛት ብቻ እንደማይለካ ከዚህ እንረዳለን። ይሁን እንጂ ኒኮልስ ኡሁራን እንድትቀጥል ያደረጋት ይህ ክብር፣ በወር መጨረሻ ደመወዟን ከፍ አላደረገላትም።

ደብዳቤውና ዓርብ ማታ

ሁለተኛው ምዕራፍ ሊያልቅ ሲል ተከታታዩ ሊቋረጥ ነው የሚል ወሬ ተሰማ። በዚያን ጊዜ ብጆ ትሪምብል የተባለች ሴት ከባለቤቷ ጋር ሆና ታላቅ የደብዳቤ ዘመቻ አስተባበረች። ደብዳቤዎቹ በከረጢት ወደ ኤንቢሲ ጎረፉ። በ1968 መጋቢት ጣቢያው ተከታታዩ እንደሚቀጥል በአየር ላይ እስከ ማስታወቅ ደረሰ። አድናቂዎችም ድል አደረግን አሉ።

ነገር ግን ድሉ ሙሉ አልነበረም። ሦስተኛው ምዕራፍ የተመደበለት ሰዓት ዓርብ ማታ 4 ሰዓት ነበር። ዋነኞቹ ተመልካቾች ወጣቶች ስለ ነበሩ በዚያ ሰዓት ቤታቸው አይገኙም። በጀቱ ተቀነሰ፤ ሮደንቤሪም ከዕለት ተዕለት ሥራው ራቀ። በ1969 ተከታታዩ በ79 ክፍሎች ተቋረጠ።

እስከ ዛሬ ድረስ አድናቂዎች «ሦስተኛው ምዕራፍ ለምን ደከመ?» ብለው ይከራከራሉ። አንዳንዶች ደራሲያኑን ይወቅሳሉ። ይሁን እንጂ የተቀነሰ በጀት ማለት ምን እንደሆነ እናስብ። ከስቱዲዮ ውጭ የሚቀረጽ ትዕይንት ይቀራል፤ እንግዳ ተዋናይ ይቀንሳል፤ ታሪኩ በመርከቧ ውስጥ ባሉት ክፍሎች ብቻ እንዲያልቅ ይደረጋል። ደራሲው መጀመሪያ የሚጠየቀው «ጥሩ ታሪክ አለህን?» ተብሎ ሳይሆን «በዚህ ገንዘብ የሚሠራ ታሪክ አለህን?» ተብሎ ነው። ለታሪኩ መድከም ምክንያት የሆነው ሁልጊዜ የሐሳብ ድህነት አይደለም።

ሁሉም የሚያየው፣ ማንም የማይከፍልበት

ከተቋረጠ በኋላ አስደናቂ ነገር ሆነ። ክፍሎቹ ለየከተማው የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ተሸጠው በየቀኑ ከሰዓት በኋላና ማታ ይታዩ ጀመር። ያኔ በ1966 ያላዩት ልጆች አሁን አዩት። በ1972 ጥር በኒው ዮርክ በተደረገ የአድናቂዎች ጉባኤ ላይ ከ3,000 በላይ ሰው ተገኘ። «ስታር ትሬክ» ታላቅ የሆነው ከሞተ በኋላ ነው ብንል አልተሳሳትንም።

ከዚህ ሽያጭ ተዋንያኑ ምን አገኙ? እዚህ ላይ «የድጋሚ ስርጭት ክፍያ» የሚባለውን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። አንድ ሥራ እንደገና ሲታይ ለተዋናዩ የሚከፈል ገንዘብ ነው። የአሜሪካ የስክሪን ተዋንያን ማኅበር በ1960 ባደረገው አድማ፣ ከዚያ ዓመት ጀምሮ የሚሠሩ የሲኒማ ፊልሞች ለቴሌቪዥን ሲሸጡ ተዋንያን እንዲከፈላቸው አስፈቅዶ ነበር። ለቴሌቪዥን ተከታታዮች ግን በ1960ዎቹ የነበረው ውል የሚያስከፍለው ለተወሰኑ ድጋሚ ስርጭቶች ብቻ ነበር። ከዚያ ቁጥር በኋላ መቶ ጊዜም ቢታይ ክፍያ የለም። ማኅበሩ ሥራው በታየ ቁጥር ሳያቋርጥ የሚከፈልበትን ውል ያገኘው በ1974 ነው። ይህ ደግሞ ከዚያ በፊት የተሠራውን «ስታር ትሬክ» አልጠቀመውም።

በመሆኑም በ1970ዎቹ ፊታቸው በየቤቱ በየዕለቱ የሚታይ ተዋንያን ከዚያ ስርጭት የሚያገኙት አልነበራቸውም። ሰዎች በመንገድ ላይ ሲያዩአቸው ሀብታም ይመስሏቸው ነበር። ብዙዎቹ የኖሩት በአድናቂዎች ጉባኤ ላይ እየተገኙ በሚከፈላቸው ገንዘብና በትንንሽ ሥራዎች ነው። ያዕቆብ በመልእክቱ በ5ኛው ምዕራፍ ስለ አጫጆች ደመወዝ የጻፈውን የሚያስታውስ አንባቢ ጥያቄው አዲስ እንዳልሆነ ይገነዘባል። ጥያቄው አንድ ነው፤ እህሉ ጎተራ ከገባ በኋላ ያጨደው ሰው ድርሻ የት ነው? በእርግጥ ስቱዲዮው ውሉን አላፈረሰም። ነገር ግን ውሉ ሲፈረም ማንም ያላሰበው ሀብት በኋላ ሲመጣ፣ ሀብቱ የሄደው ወደ አንድ ወገን ብቻ ነበር።

በ1973 ደግሞ ተከታታዩን በካርቱን መልክ ለመሥራት ታሰበ። ወጪ ለመቀነስ ሲባል የታኬና የኒኮልስ ገጸ ባሕርያት ድምፅ በሌሎች እንዲሠራ ታቅዶ ነበር። ኒሞይ ይህን ሲሰማ ሁለቱ ካልተቀጠሩ እርሱም እንደማይሠራ አስታወቀ። ምክንያቱም ተከታታዩ ሲሰብክ የነበረው የልዩ ልዩ ዘሮችን አንድነት ሆኖ ሳለ፣ የእስያዊውንና የጥቁሯን ተዋንያን ማስቀረት ተቃራኒ ነገር ነውና። ያለ ስፖክ ካርቱኑ ስለማይሸጥ ስቱዲዮው ተስማማ። ኬኒግ ግን በበጀት ምክንያት ቀረ፤ አንድ ክፍል እንዲጽፍ ብቻ ዕድል አገኘ።

ከ6 ዓመት በፊት ለራሱ ደመወዝ የተከራከረው ሰው አሁን ያንኑ ጉልበት ጉልበት ለሌላቸው ባልንጀሮቹ አዋለው። ታኬም ኒኮልስም ይህን ውለታ በኋላ በአደባባይ መስክረውለታል።

ታዲያ ስፖክ ለምን ሞተ?

አሁን ወደ ርዕሳችን እንመለስ። በ1979 የወጣው የመጀመሪያው የ«ስታር ትሬክ» ሲኒማ ከ40 ሚሊዮን ዶላር በላይ ፈጀ። ገንዘቡን ቢመልስም ብዙዎች አዝጋሚ ነው አሉት። ስለዚህ ፓራማውንት ሁለተኛውን ፊልም ለአዲስ አዘጋጅ ለሃርቭ ቤኔት ሰጠ። በጀቱም ወደ 12 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወረደ። ዳይሬክተሩ ኒኮላስ ሜየር ነበር።

ኒሞይ እንደገና ስፖክን ለመጫወት ብዙ ፍላጎት አልነበረውም። በ1975 «እኔ ስፖክ አይደለሁም» የሚል ርዕስ ያለው መጽሐፍ በማውጣቱ አድናቂዎች ቀደም ሲል ተቀይመውት ነበር። ከስቱዲዮውም ጋር ምስሉ ያለ ክፍያ ለማስታወቂያ ዋለ በሚል ክርክር ገጥሞት ነበር። ቤኔት ሊያግባባው የተጠቀመበት ዘዴ ቀላል ነው። «ግሩም የሆነ የሞት ትዕይንት እንጽፍልሃለን» አለው። ለአንድ ተዋናይ ይህ ትልቅ ስጦታ ነው፤ ኒሞይም ተስማማ።

ምሥጢሩ ግን ወጣ። አድናቂዎች ተቆጡ። ሮደንቤሪም ሐሳቡን ተቃወመ። ደብዳቤ ተጻፈ፤ ስቱዲዮው ገንዘቡን እንደሚያጣ የሚያስጠነቅቅ ማስታወቂያም ታተመ። «ኒሞይ ለመገላገል ሲል እንዲገደል ጠየቀ» የሚል ወሬም በሰፊው ተነዛ።

ሜየርና ቤኔት ምን አደረጉ? መጀመሪያ የስፖክ ሞት የታሰበው በፊልሙ መጀመሪያ አካባቢ ነበር። ወሬው ከወጣ በኋላ ግን ሞቱን ወደ መጨረሻው ወሰዱት። በመክፈቻው ላይ ደግሞ ስፖክ በሥልጠና ላይ የሞተ መስሎ የሚወድቅበት ትዕይንት አስገቡ። ተመልካቹም «ወሬው ይህ ነበር ማለት ነው» ብሎ ዘና አለ። መጨረሻ ላይ ስፖክ መርከቧንና ባልንጀሮቹን ለማዳን ገዳይ ጨረር ወዳለበት ክፍል ገብቶ እውነተኛ ሞቱን ሲሞት ሲኒማ ቤቶች በለቅሶ ተሞሉ። ፊልሙ ሰኔ 4 ቀን 1982 ሲወጣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ብቻ ከ14 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። ይህም በዚያን ጊዜ ክብረ ወሰን ነበር።

እንግዲህ ስፖክ የሞተው ስለ ምንድን ነው? ስለ ታሪኩ ወይስ ስለ ውሉ? መልሱ ሁለቱም ነው። መነሻው ድርድር ነበር። ነገር ግን ደራሲያኑ ከድርድሩ የመጣውን ሞት ለታሪኩ የተገባ እንዲሆን አድርገው ሠሩት። ራሱን ለወዳጆቹ አሳልፎ መስጠቱን ያየ ተመልካች ስለ ውሉ አላሰበም። የተመልካቾቹም ተቃውሞ ከንቱ አልነበረም፤ ትዕይንቱ የተሻለ ቦታ እንዲያገኝ አድርጓል። ኒሞይም በሥራው ስለ ተደሰተ ለመመለስ ፈቀደ። በ1984ቱ ፊልም ስፖክ ሕያው ሆኖ ተመለሰ።

ከአሮጌው መርከብ ወደ አዲሱ

በ1986ቱ አራተኛ ፊልም የሻትነርና የኒሞይ ክፍያ እጅግ ከፍ ብሎ ነበር። ፓራማውንት በ1987 በአዳዲስ ተዋንያን «ስታር ትሬክ፦ ዘ ኔክስት ጀነሬሽን» የተባለውን ተከታታይ ለመጀመር ካበቁት ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው። ብዙ ያልታወቁ ተዋንያንን መቅጠር ርካሽ ነውና። የቀድሞዎቹ አድናቂዎች «ያለ ከርክና ያለ ስፖክ ስታር ትሬክ የለም» ብለው ተቃወሙ። ሆኖም በፓትሪክ ስቱዋርት የተመራው አዲሱ ተከታታይ 7 ዓመት ቆይቶ በ1994 በክብር ተፈጸመ። ገንዘብ ለመቆጠብ የተደረገ ውሳኔ ሁልጊዜ መጥፎ ታሪክ አያመጣም ማለት ነው።

በዚሁ ተከታታይ ውስጥ የጥበቃ ኃላፊዋን ታሻ ያርን የተጫወተችው ዴኒዝ ክሮዝቢ በቂ የሥራ ድርሻ አጣሁ በማለት በመጀመሪያው ምዕራፍ ለመልቀቅ ጠየቀች። በ1988 ገጸ ባሕርይዋ በአንድ ክፉ ፍጡር በድንገት፣ ያለ ምንም ምክንያት ተገደለች። አድናቂዎች ሞቱ ትርጉም የለሽ ነው ብለው አዘኑ። በ1990 ደራሲያኑ ጊዜ የተዛባበት አንድ ክፍል ጽፈው መለሷትና ሌሎችን ለማዳን የምትሄድበትን የተከበረ ፍጻሜ ሰጧት። ይህ ክፍል ዛሬ ከምርጦቹ አንዱ ሆኖ ይቆጠራል።

ክርክር ወደ ጭካኔ ሲለወጥ

የ«ስታር ዋርስ» አድናቂዎችም በክርክር የታወቁ ናቸው። በ1977ቱ ፊልም ሐን ሶሎ የተባለው ኮንትሮባንዲስት ሊይዘው የመጣውን ግሪዶን ቀድሞ ተኩሶ ይገድለዋል። ጆርጅ ሉካስ በ1997 ፊልሙን አድሶ ሲያወጣ ግን ግሪዶ ቀድሞ ተኩሶ እንዲስት አደረገ። ይህ የጥቂት ሴኮንድ ለውጥ ለዓመታት አከራክሯል። ለምን ቢባል፣ የሐን ሶሎ ታሪክ የአንድ ራስ ወዳድ ሰው መለወጥ ነው። መነሻው ከተለሰለሰ የመለወጡ ትርጉም ይቀንሳል የሚሉት አድናቂዎች በቂ ምክንያት አላቸው። በአንጻሩ ሥራው የሉካስ ነው፤ ባለቤቱ ማስተካከል ይችላል የሚሉም አሉ። ይህ ጤናማ ክርክር ነው።

ጤናማ ያልሆነውም አለ። በ2017 በወጣው «ዘ ላስት ጄዳይ» በተባለው ፊልም አሮጌው ጀግና ሉክ ስካይዎከር ተስፋ ቆርጦ በደሴት ላይ ተደብቆ መገኘቱ ብዙዎችን አስቆጣ። ተዋናዩ ማርክ ሃሚል ራሱ ከዳይሬክተሩ ከራያን ጆንሰን ጋር በሐሳብ መለያየቱን ተናግሮ ነበር፤ በኋላ ግን ይህን በአደባባይ በመናገሩ መጸጸቱን ገለጸ። አንዳንድ ተመልካቾች ቁጣቸውን ያወረዱት ምንም ባልወሰነች ሰው ላይ ነው። ከቬትናም ስደተኞች የተወለደችው ኬሊ ማሪ ትራን በዘሯና በመልኳ ብዙ ስድብ ስለ ደረሰባት በ2018 የኢንስታግራም ገጿን ባዶ አደረገች።

በዚያው ዓመት አህመድ ቤስት የተባለው ተዋናይ የተናገረው ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው። በ1999 በወጣው ፊልም ጃር ጃር ቢንክስን ተጫውቶ ነበር። ገጸ ባሕርዩን ብዙዎች ጠሉት። ቤስት ከ19 ዓመት በኋላ እንደ ገለጸው ከዚያ ጥላቻ የተነሣ የራሱን ሕይወት ለማጥፋት አስቦ ነበር። ደግነቱ ተረፈ። በ2023 በሌላ የ«ስታር ዋርስ» ተከታታይ ላይ ሕፃን የሚያድን ጀግና ሆኖ ሲመለስ አድናቂዎች በደስታ ተቀበሉት።

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ልዩነቱን እናስተውል። ታሪኩን የሚጽፈው ደራሲ ነው፤ የሚወስነው ዳይሬክተሩና ስቱዲዮው ነው። ተዋናዩ አብዛኛውን ጊዜ የተሰጠውን ቃል የሚናገር ቅጥረኛ ነው። በገጸ ባሕርዩ ላይ ያለንን ቅሬታ በሰውየው ላይ ስናወርድ ጥፋት የሌለበትን ሰው እንወግራለን።

ዛሬስ?

የክፍያው ጥያቄ አላበቃም። «ዘ ኤክስ ፋይልስ» የተባለው ተከታታይ በ2016 ሲመለስ፣ ጊሊያን አንደርሰን መጀመሪያ የቀረበላት ክፍያ የሥራ ባልደረባዋ የዴቪድ ዱካቭኒ ግማሽ እንደ ነበር ተናግራለች። ሁለቱ ግን ታሪኩን እኩል የተሸከሙ ነበሩ።

በ2023 ደግሞ የአሜሪካ ደራሲያን ለ148 ቀናት፣ ተዋንያን ለ118 ቀናት ሥራ አቆሙ። ዋና ዋና ምክንያቶቹ ሁለት ነበሩ። አንደኛው በኢንተርኔት የሚታዩ ፊልሞች ክፍያ ነው። በቴሌቪዥን ጣቢያ «ድጋሚ ስርጭት» ይቆጠራል፤ በኢንተርኔት ግን ሥራው ሁልጊዜ ተቀምጦ ስለሚገኝ የሚቆጠር ድጋሚ የለም። ስለዚህ በ1974 የተገኘው መብት ዋጋው ቀነሰ። ሁለተኛው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። በ2016 በወጣው «ሮግ ዋን» ፊልም በ1994 የሞተው የፒተር ኩሺንግ ፊት በኮምፒውተር ተሠርቶ ታይቷል። የኩሺንግን ውርስ በሚያስተዳድሩ ሰዎች ፈቃድ የተደረገ ቢሆንም፣ ብዙዎች «ነገ ያለ ፈቃድና ያለ ክፍያ ቢደረግስ?» ብለው ጠየቁ። በአድማው ማብቂያ የተደረሰበት ስምምነት ለእንዲህ ያለ ምስል የተዋናዩ ፈቃድና ክፍያ እንዲያስፈልግ ደንግጓል።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ በቤታችሁ «ለምን ገደሉት?» የሚል ክርክር ሲነሣ ዝም ከማሰኘት ይልቅ ሦስት ጥያቄዎች ብትጨምሩበት መልካም ነው። ውሳኔው የማን ነበር? ውሳኔው ከታሪኩ የመጣ ነው ወይስ ከበጀቱ? በዚህ ሥራ ከተገኘው ትርፍ የሠሩት ሰዎች ተገቢውን አገኙን? እነዚህን የሚጠይቅ ወጣት ፊልም ከማየት አልፎ ከፊልሙ ጀርባ ያሉትን ሰዎች ማየት ይጀምራል።

ሌናርድ ኒሞይ የካቲት 27 ቀን 2015፣ ኒሼል ኒኮልስም ሐምሌ 30 ቀን 2022 ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ስለ ስፖክ ሞት የተጻፈው ደብዳቤ እጅግ ብዙ ነው። በ1973 ኒሞይ «እነርሱ ከሌሉ እኔም የለሁም» ያለበትን ቀን ግን በዚያን ጊዜ ያወቀው አድናቂ አልነበረም። ስፖክ በፊልም ላይ ለባልንጀሮቹ ካደረገው ይልቅ፣ ተዋናዩ በሥራ ቦታው ለባልንጀሮቹ ያደረገው ይበልጣል።